«ሙን»ን የሠራው ቦዊ አይደለም፦ ስለ ደንከን ጆንስ ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙዎች በማኅበራዊ መገናኛ እየተቀባበሉት ያለው ጽሑፍ ስለ እንግሊዛዊው የፊልም ዳይሬክተር ስለ ደንከን ጆንስ የተጻፈ ነው፤ አብዛኛው ክፍሉ ግን የሚያወራው ስለ አባቱ፣ ስለ ሮክ ሙዚቀኛው ዴቪድ ቦዊ ነው። «ዘር ከልጓም ይስባል» በሚለው ተረት ይጀምርና ልጁ የአባቱን ስም እየመነዘረ የኖረ፣ ምንዛሪው ሲያልቅም የወደቀ ሰው ነው ብሎ ይፈርዳል። ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ የያዛቸው እውነቶችም ጥቂት አይደሉም። ዝም ተብሎ ቢታለፍ ነገ እንደ ማስረጃ መጠቀሱ ስለማይቀር ነጥቦቹን በየተራ መመርመር ተገቢ መስሎ ታይቶኛል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ የጸሐፊውን ክርክር ሳላጣምም ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ጆንስ ወደ ፊልም የገባው አባቱ በከፈተለት በር ነው፤ በ2009 የወጣው የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ «ሙን» ገንዘብ ያገኘውም በቦዊ ስምና በቦዊ ዓለም ሰዎች አማካይነት ነው ይላሉ። ሁለተኛ፣ ጋዜጦች በልጅነቱ ይጠሩት የነበረውን «ዞዊ ቦዊ» ትቶ ደንከን ጆንስ የተባለው ራሱን በራሱ የሠራ ሰው ለመምሰል ነው ይሉናል። ሦስተኛ፣ «ሙን» አባትየው ስለ ጠፈርተኞች ያዜመውን በፊልም ከመድገም ያለፈ አይደለም። አራተኛ፣ 160 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት «ዋርክራፍት» በአደራ የተሰጠው በስሙ ነው፤ የዚያ ፊልምና ቀጥሎ የመጣው የ«ሚውት» ውድቀትም ስሙ ማለቁን ያሳያል። በመጨረሻም፣ ጆንስ የያዘው ቦታ አባቱ የማይታወቅ አንድ ጎበዝ ወጣት ሊይዘው ይገባ የነበረ ቦታ ነው።

በመጀመሪያው ነጥብ ላይ ከጸሐፊው ጋር የምስማማበት አለ፤ እንዲያውም ከእሳቸው አልፌ እሄዳለሁ። ቦዊ ልጁን ገና በሕፃንነቱ በ8 ሚሊሜትር ካሜራ አሻንጉሊት እያንቀሳቀሱ ፊልም መቅረጽን አስተምሮታል። በ1997 ቦዊ 50ኛ የልደት በዓሉን በኒው ዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በኮንሰርት ሲያከብር ልጁ ከካሜራ ሠራተኞቹ አንዱ ነበር። አባቱ «ዘ ሀንገር» በተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ላይ በሠራበት ወቅት ደግሞ ዳይሬክተሩን ቶኒ ስኮትን በቅርብ አግኝቶ ሙያውን እንዲይዝ ተበረታቷል። እነዚህን ጸሐፊው አልጠቀሷቸውም፤ ቢጠቅሷቸው ክርክራቸው ይጠነክር ነበር። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሌላ ነገር ነው። ጆንስ የተወለደው በ1971 ነው። በአሜሪካ ኦሃዮ በሚገኘው ዉስተር ኮሌጅ ፍልስፍና ተማረ፤ በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርት ጀምሮ አቋረጠ፤ ከዚያ ወደ ለንደን የፊልም ትምህርት ቤት ገብቶ በ2001፣ ማለትም በ30 ዓመቱ ተመረቀ። የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ ሲወጣ ዕድሜው ወደ 40 ተጠግቶ ነበር። ይህን ያህል ዘግይቶ መጀመር የሚችል ሰው በመሐሉ የቤት ኪራይ ብዙ ያሳሰበው አይመስለኝም። የታዋቂና የሀብታም ልጅ ትልቁ ዕድል ይህ ይመስለኛል፦ መንገድ ስቶ ለመመለስ ጊዜ አለው። ጸሐፊው ጥያቄያቸውን በዚህ በኩል ቢያነሱት ኖሮ መልስ መስጠት ያስቸግረኝ ነበር።

እሳቸው ግን ያነሱት በገንዘብ በኩል ነው፤ በገንዘብ በኩል ደግሞ ታሪኩ የሚናገረው ተቃራኒውን ነው። ጆንስ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ለዓመታት የሠራው በማስታወቂያ ሥራ ላይ ነበር፤ በ2006 ለፍሬንች ኮኔክሽን የልብስ ኩባንያ የሠራው ማስታወቂያ በብሪታንያ አቤቱታ እስኪቀርብበት ድረስ አነጋግሯል። በእነዚያ ዓመታት ሊሠራው የፈለገው የመጀመሪያ ፊልም «ሙን» አልነበረም፣ «ሚውት» ነበር። ጽሑፉን ይዞ ወደ ተዋናዩ ወደ ሳም ሮክዌል ሄደ፤ ሮክዌል የቀረበለትን ገጸ ባሕርይ ሳይሆን ሌላውን መረጠ፤ አልተስማሙም። ነገር ግን ሁለቱ የሚወዷቸውን የ1970ዎቹንና የ1980ዎቹን የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልሞች እያነሡ ሲጨዋወቱ ጆንስ ለሮክዌል የሚሆን ሌላ ፊልም ለመጻፍ ቃል ገባ። «ሙን» የተወለደው እንዲህ ነው። «ሚውት» የሚያሠራው አግኝቶ ለተመልካች የቀረበው በ2018 ነው፤ ያን ጊዜ ቦዊ ካረፈ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። አባትየው በሕይወት ሳለ፣ ስሙም በዓለም ዙሪያ ገናና በነበረበት ዘመን ሁሉ ልጁ አጥብቆ የሚፈልገውን ፊልም ሊያሠራለት አልቻለም ማለት ነው። ስሙ ገንዘብ የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ሊያወጣ የሚገባው ለዚህ ነበር።

«ሙን» ያገኘው ገንዘብ ደግሞ 5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው። ጨረቃ ላይ ለሚካሄድ ታሪክ ይህ ትንሽ በጀት ነው፤ ፊልሙም በየማዕዘኑ ይህን ትንሽነት እንዴት እንዳለፈው ያሳያል። ቀረጻው በሼፐርተን ስቱዲዮ በ33 ቀን ተጠናቀቀ። በጨረቃ ወለል ላይ የሚሽከረከሩት ተሽከርካሪዎች በኮምፒዩተር የተሣሉ ሳይሆኑ በእጅ የተሠሩ አነስተኛ ሞዴሎች ናቸው፤ ኮምፒዩተሩ የገባው ለማሟያ ነው። አንድ ተዋናይ ከራሱ ጋር ጠረጴዛ ቴኒስ የሚጫወትበትን ትዕይንት ያየ ሰው ዳይሬክተሩ እያንዳንዷን ሳንቲም የት እንደሚያውል አስቀድሞ ያሰላ መሆኑን ይረዳል። ስሙን ብቻ ይዞ የመጣ ሰው እንዲህ አይቆጥብም።

ጸሐፊው እዚህ ላይ የሚያቀርቡት አንድ ጠንካራ ማስረጃ አለ፤ የ«ሙን» ፕሮዲውሰሮች አንዷ ትሩዲ ስታይለር፣ የሙዚቀኛው የስቲንግ ባለቤት መሆኗ። እውነት ነው፤ ሮክ ዓለም ትንሽ ሰፈር ናት፤ በዚያ ሰፈር ያደገ ልጅ ማንን ማነጋገር እንዳለበት ማወቁ አይካድም። ይሁን እንጂ ይህችው ፕሮዲውሰር ከ«ሙን» 11 ዓመት ቀደም ብላ የጋይ ሪቺን የመጀመሪያ ረጅም ፊልም፣ በ1998 የወጣውን «ሎክ ስቶክ ኤንድ ቱ ስሞኪንግ ባረልስ»ን ደግፋ ነበር፤ የሪቺ አባት የሮክ ኮከብ አልነበረም። አዲስ ዳይሬክተሮችን መርጦ ማስነሣት የሴትዮዋ ሥራ መሆኑን ሳይናገሩ ስሟን ብቻ መጥቀስ አንባቢን ያሳስታል። ቦዊ በሰንዳንስ ፌስቲቫል ከልጁ ጋር በመታየቱ ብዙ ካሜራ ወደ ፊልሙ መዞሩን ግን ያለ ክርክር እቀበላለሁ።

ስለ ስሙ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የቦዊ ሕጋዊ ስም ዴቪድ ሮበርት ጆንስ ነበር፤ «ቦዊ» የመድረክ ስሙ ነው። ልጁ ሲወለድ የተሰጠው ስም ደግሞ ደንከን ዞዊ ሄይዉድ ጆንስ ነው። ሰውየው አዲስ ስም አላወጣም፤ በልደት ወረቀቱ ላይ ባለው የመጀመሪያና የመጨረሻ ስሙ ይጠራል። የአባቱን ስም ከራሱ ስም ቀጥሎ አስከትሎ ለሚጠራው ለእኛ አገር ሰው ይህ እንዴት እንደ ማታለል ሊታየው እንደቻለ አልገባኝም። እንዲያውም ክሱ ከመጀመሪያው ነጥብ ጋር ይጋጫል፤ ስሙን ሊመነዝር የፈለገ ሰው ደብቆት ሊመነዝረው አይችልምና።

በዚሁ ነጥብ ሥር ጸሐፊው ለእኛ ቅርብ የሆነ ነገር አንሥተዋል። በ1985 በኢትዮጵያ ለደረሰው ረሃብ ገንዘብ ለማሰባሰብ በለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም በተካሄደው የላይቭ ኤይድ ዝግጅት ላይ ቦዊ «ሂሮስ» የተባለውን ዘፈኑን ለልጁ ብሎ መዝፈኑን ጠቅሰው፣ ልጁ ገና ያኔ በዓለም ፊት እንደተዋወቀ ይነግሩናል። የጠቀሱት ግን ገሚሱን ነው። ቦዊ በዚያ ቀን ዘፈኑን ያበረከተው ለልጁ፣ ለልጆቻችን ሁሉና ለዓለም ሕፃናት ነው። ከተመደበለት ሰዓት ላይም አንድ ዘፈን ቀንሶ የኢትዮጵያን ረሃብተኞች የሚያሳየው አጭር ፊልም እንዲታይበት አድርጓል። ደንከን ያን ጊዜ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ መድረክ ተነሥቶ ከ20 ዓመት በላይ ስለዘገየ ፊልም የሚያስረዳ ነገር ማግኘት ይከብዳል።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስብ ነው፤ ምክንያቱም ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ ሥራው ነው። «ሙን»ን ያላየና ለማየት ያሰበ አንባቢ የሚቀጥለውን አንቀጽ ቢዘልለው ይሻላል።

በ1969 የወጣው የቦዊ «ስፔስ ኦዲቲ» ከምድር ጋር ያለው ግንኙነት ተቋርጦበት በጠፈር ላይ የሚንሳፈፍ ጠፈርተኛን ይተርካል። ጠፈርተኛው ዝነኛ ነው፤ ጋዜጦች ስለ ልብሱ ሳይቀር ይጠይቃሉ። የ«ሙን» ሳም ቤል ግን ማንም የማያውቀው የወር ደመወዝተኛ ነው። የሦስት ዓመት ውል ፈርሞ፣ ለአንድ ኩባንያ ከጨረቃ አፈር ሂሊየም 3 የተባለውን ማገዶ የሚያወጡ ማሽኖችን ብቻውን ይቆጣጠራል፤ ከቤተሰቡ ጋር የሚገናኘውም በተቀረጸ መልእክት ነው። ውሉ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አደጋ ይደርስበታል፤ ሲነቃም ራሱን የመሰለ ሌላ ሰው ያገኛል። ሁለቱም የአንድ ሰው ቅጂዎች እንደሆኑ፣ ኩባንያውም አዲስ ሠራተኛ አሠልጥኖ ከማመላለስ ይልቅ አንዱ ሲደክም ሌላውን ማንቃት እንደሚረክስለት ቀስ በቀስ ይገለጣል። የመጀመሪያው ብቸኝነት በቴክኖሎጂ ብልሽት የመጣ ነው፤ የሁለተኛው ግን በሒሳብ ተሰልቶ የተሠራ ነው። ይህ ፊልም ስለ ጠፈር ከሚናገረው ይልቅ ስለ ቀጣሪና ተቀጣሪ የሚናገረው ይበዛል፤ ከአገሩ ርቆ፣ ውል ፈርሞ፣ ለቤተሰቡ ገንዘብ የሚልክ ዘመድ ያለው ሁሉ የሳም ቤልን የቀን አቆጣጠር ያለ አስረጂ ይረዳዋል። በቦዊ ዘፈን ውስጥ ይህ ነገር የለም።

ጨረቃና ጠፈር በሁለቱም መኖሩ ዝምድና ነው ከተባለ ደግሞ የዝምድናው ምንጭ ቦዊ አይደለም። «ስፔስ ኦዲቲ» ራሱ የተነሣው በ1968 ከወጣው ከስታንሊ ኩብሪክ «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ነው። ጆንስም ከዚሁ ፊልም ጋር በግልጽ ይነጋገራል፤ ልዩነቱ የኩብሪክ ኮምፒዩተር ሰዎቹን ሲገድል የጆንስ ጌርቲ፣ የጨረቃ ጣቢያው ኮምፒዩተር፣ ግን በመጨረሻ ሳምን መርዳቱ ነው። ተመልካቹ ከዛሬ ነገ ይከዳዋል ብሎ ሲጠብቅ ማሽኑ ከኩባንያው ይልቅ ለሰውየው ያዳላል። ጆንስ ተማሪ ሳለ የሚያስብ ማሽን ቢሠራ በእሱ ላይ ሊኖረን የሚገባው ግዴታ ምንድነው በሚለው ዙሪያ ይመራመር የነበረ መሆኑ እዚህ ላይ ይታያል። ከአባቱ ዘፈን ይልቅ የፍልስፍናው ክፍል ነው የቀረበው። ፊልሙ በ2010 የብሪታንያን የባፍታ ሽልማት በምርጥ ጀማሪ ዘርፍ አገኘ፤ በዚያው ዓመት በሳይንስ ልብ ወለድ አንባቢዎች ድምፅ የሚሰጠውን የሁጎን ሽልማት ሲወስድ ከተፎካካሪዎቹ አንዱ የጄምስ ካሜሮን «አቫታር» ነበር። እነዚያ አንባቢዎች ለሮክ ኮከብ ልጅ የሚያደሉበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ «ዋርክራፍት» ልምጣ። ጸሐፊው ከ«ሙን» ወደ 160 ሚሊዮን ዶላር ዘለሉ፤ በመካከል ያለውን «ሶርስ ኮድ»ን በአንድ ሐረግ አልፈውታል። የክርክራቸው ትልቁ ክፍተት እዚህ ጋ ነው። «ሙን»ን ያየው ተዋናይ ጄክ ጂለንሃል፣ በቤን ሪፕሊ የተጻፈውን «ሶርስ ኮድ» ጆንስ እንዲሠራው ሐሳብ አቀረበ። በ2011 የወጣው ይህ ፊልም በ32 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ በዓለም ዙሪያ ወደ 147 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ለአንድ ስቱዲዮ ከዚህ በላይ የሥራ ማስረጃ የለም። «ዋርክራፍት»ም ቢሆን በመጀመሪያ በሳም ሬይሚ እጅ የነበረ፣ ሬይሚ ሲለቅ በ2013 ወደ ጆንስ የተላለፈ ሥራ ነው። በዚያ ዘመን ሆሊውድ ትንሽ ፊልም በደንብ የሠራን ሰው ጠርቶ ግዙፍ ፊልም ማሸከም ልማዱ ነበር። ጋሬዝ ኤድዋርድስ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በታች ከወጣበት «ሞንስተርስ» ተነሥቶ በ2014 ወደ «ጎድዚላ» ተሻገረ፤ የዚያም በጀት 160 ሚሊዮን ነው። ኮሊን ትሬቮሮው ከአንድ አነስተኛ ፊልም በኋላ በ2015 «ጁራሲክ ወርልድ» ተሰጠው። የሁለቱም አባቶች ስም ለማንም ተመልካች የሚነግረው ነገር የለም። ጆንስ እንዲያውም ከእነሱ አንድ ደረጃ ጨምሮ ነው የወጣው።

ስለ ውድቀቱ ደግሞ ጸሐፊው የጠቀሱት አኃዝ ትክክል ነው፤ «ዋርክራፍት» በአሜሪካ ያስገባው 47 ሚሊዮን ዶላር ያህል ብቻ ነው፤ ከወጪው ጋር ሲተያይ አሳፋሪ ነው። በዓለም ዙሪያ ግን 439 ሚሊዮን አካባቢ አስገብቷል፤ ከ200 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው ከቻይና የመጣ ነው። በወቅቱ ከቪዲዮ ጨዋታ ከተወሰዱ ፊልሞች ሁሉ ከፍተኛውን ገቢ ያገኘው እሱ ነበር። ይህም ቢሆን ለስቱዲዮው በቂ አልነበረም፤ ፊልሙንም መከላከል አልፈልግም፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ የሦስት ፊልም ታሪክ ተጨናንቆበታል። ጥያቄው የውድቀቱ ምክንያት ምንድነው የሚለው ነው። ስሙ ስላለቀ ነው እንዳንል፣ ፊልሙ የወጣው በሰኔ 2016 ነው፤ ቦዊ ያረፈው በዚያው ዓመት ጥር 10 ቀን፣ የመጨረሻ አልበሙ በወጣ በሁለተኛው ቀን ሲሆን ስሙ እንደዚያ ዓመት የተነሣበት ጊዜ የለም። ቻይናዊው ተመልካችም ትኬት የገዛው ለጨዋታው ነው። በዚያው ዓመት በጀስቲን ከርዜል የተሠራው «አሳሲንስ ክሪድ» በተመሳሳይ ድንጋይ ተሰናክሏል፤ ከአንድ ዓመት በፊትም ጆሽ ትራንክ፣ «ክሮኒክል» በተባለ አነስተኛ ፊልም ከተመሰገነ በኋላ፣ በ«ፋንታስቲክ ፎር» ከጆንስ የከፋ ውድቀት ደርሶበታል። እነዚህን ሁለት ሰዎች ሲወድቁ ማንም ስለ አባታቸው አልጠየቀም። በጸሐፊው ሚዛን ጆንስ ሲሳካለት የአባቱ፣ ሲወድቅ የራሱ ይሆናል፤ በዚህ ሚዛን የሚመዘን ሰው ምንም ቢሠራ ቀላል ሆኖ መገኘቱ አይቀርም።

«ሚውት»ን በተመለከተ ግን ጸሐፊው ትክክል ናቸው፤ ደካማ ፊልም ነው። የመናገር ችሎታውን ያጣ የመጠጥ ቤት ሠራተኛ በወደፊቷ በርሊን የጠፋች ፍቅረኛውን ይፈልጋል፤ ጎን ለጎን ደግሞ ሁለት አሜሪካውያን የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ሌላ ታሪክ ይዘው ይሄዳሉ፤ ሁለቱ ታሪኮች እስከ መጨረሻው አካባቢ ድረስ እርስ በርስ አይተዋወቁም። ከአሥር ዓመት በላይ በመሳቢያ የቆየ ጽሑፍ መሆኑ ያስታውቃል፤ ያሠራው ኔትፍሊክስም መቀስ ያነሣበት አይመስልም። ጆንስ ፊልሙን ለአባቱና ላሳደገችው ሞግዚት መታሰቢያ ማድረጉን ጸሐፊው «የመጨረሻው ምንዛሪ» ብለውታል። ይህ አገላለጽ ከጽሑፉ አጠቃላይ ጨዋነት ጋር አብሮ የሚሄድ አልመሰለኝም፤ የሞግዚቷ ስም ከአባትየው ስም ጋር እኩል መቀመጡም ለዝና የተደረገ ነገር አለመሆኑን ያመለክታል።

የመጨረሻው ነጥብ፣ የሌላውን ወጣት ቦታ ይዟል የሚለው፣ በአጠቃላይ ሲነገር እውነትነት አለው፤ ፊልም ሥራ ያለ ደመወዝ መቆየት ለሚችሉ ሰዎች የሚያደላ ሙያ ነው። ይሁን እንጂ ማስረጃ የሚሆነው ጆንስ ነው ወይ? የአባት እጅ በቀጥታ የሚታይበትን ምሳሌ ለፈለገ፣ በ2016 ኤችቢኦ ያሳየው «ቫይናል» አለ። ተከታታዩን ከፈጠሩት አንዱ ሮክ ሙዚቀኛው ሚክ ጃገር ነው፤ ከማርቲን ስኮርሴዚ ጋር ፕሮዲውሰርም ነበር፤ ከተዋናዮቹ መካከል ደግሞ ልጁ ጄምስ ጃገር ይገኝበታል። ልጁ ሚናውን መጥፎ አልተጫወተውም፤ ሆኖም አባትና ልጅ በአንድ የስም ዝርዝር ላይ አብረው ሰፍረዋል፤ ያም ሆኖ ተከታታዩ ከአንድ ምዕራፍ አላለፈም። በጆንስ አራት ፊልሞች ውስጥ ቦዊ አልተወነም፤ ፕሮዲውሰር ሆኖም አልተመዘገበም። የ«ሙን»ን ሙዚቃ እንኳ የሠራው ክሊንት ማንሴል ነው፤ ከሁሉ ነገር አባቱን መጠየቅ የሚቀልለው ግን ሙዚቃውን ነበር። ጸሐፊው ምላሽ የሚሰጡ ከሆነ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፦ ከአራቱ ፊልሞች በየትኛው፣ በየትኛው ትዕይንት ላይ የአባትየውን እጅ እንዳዩ ይጥቀሱልን፤ በዚያ ትዕይንት ላይ ተቀምጠን መነጋገር እንችላለን።